ጋዙ በየት በኩል ወጣ

ታናሽየው የተገኘው ከሰርቪስ ሚኒባሱ የፊት ጎማ አጠገብ በደረቱ ተደፍቶ ነው። የሚኒባሱ ኮፈን እንደተከፈተ ነበር። ከሞተሩ ሥር አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ ቱቦ ወጥተው መርፌ ያለው የግፊት መለኪያ ጌጅ ላይ ተገጥመዋል፤ ጌጁ ከኮፈኑ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ሰው መሞቱን ያልሰማ ይመስል ጸጥ ብሏል። ከሬሳው እጅ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ እንግሊዝ ቁልፍ ወድቆ ነበር፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቋል።

ኢንስፔክተሩ ጋራዡ በር ላይ የደረሰው ላብ አጥምቆት ነው። የእሱ መኪና ኤሲ ሞተ እንዳይባል ጋዝ ሲሞሉት ይበርዳል፤ ዳነ እንዳይባል ትንሽ ሰንብቶ ይለግማል። ባለቤቱ የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት። "ከአንተ መኪና ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ብቀመጥ ይሻለኛል" ብላ፣ ከሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ኃላፊ ጋር መመላለስ ከጀመረች ሰነባብታለች። ሰውየው ነጭ መኪና አለው። ኤሲው ስለሚሠራ መስኮቱ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ያ ዝግ መስኮት ከኢንስፔክተሩ ሐሳብ አይወጣም። ዛሬም ጠዋት ሚስቱ በዚያ መኪና ስትሄድ በመስኮት አይቶ፣ ቁርሱን ሳይቀምስ ነው የወጣው።

"ምን አለ?" አላት ሳጅኗን።

ሳጅኗ ነገር ማንዛዛት አትወድም። "በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ቁልፍ ተቆልፎ ነው የተገኘው። ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ አይዘጋም። ሦስት ቁልፍ አለ። አንዱ የሟች ኪስ ውስጥ ነው። አንዱ የጋራዡ ባለቤት፣ ታላቅ ወንድሙ ጋ ነው። አንዱ የታላቅየው ሚስት ጋ። ይቺ ሰርቪስ የእሷ ናት፤ ሠራተኛ ታመላልስበታለች። ጠዋት ልታስነሳ መጥታ ነው ያገኘችው።"

"የተሰረቀስ?"

ሳጅኗ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ጥቁር ሳጥን አሳየችው። ውስጡ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ላይ የአጭር ባትሪና የመነጽር ቅርጽ ተቆርጧል፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። "ጋዝ የሚያመልጥበትን ቦታ የሚፈልጉበት መብራት ነው አሉ። የጋዝ ሲሊንደሩ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ የሟች ስልክ አለ። ይሄን ሁሉ ትቶ ባትሪ ሰርቆ የሚሄድ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?"

"ይሄስ ምንድን ነው?"

በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር የጎማ ቀለበት ተቀምጣለች። ተጨፍልቃ ጠፍጣፋ ሆናለች። ሟቹ በጥንቃቄ ጨርቅ ላይ ያስቀመጣት ስለሆነች ሳጅኗ በፌስታል ከተተቻት።

ታላቅየው ይሄኔ ደረሰ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ በሰፈሩ "እሱ የነካው መኪና ፍሪጅ ይሆናል" የሚባልለት መካኒክ ነው። ወንድሙን አየ። ፖሊሶቹ እስኪያነሱት ድረስ መሬት ላይ ተቀምጦ በሬሳው ጫማ ላይ አፈጠጠ። ኢንስፔክተሩ ቀርቦ የሰውየውን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ያዘው። እጁ ቅባት ቅባት ይላል። ጠቋሚ ጣቱ ከመካከለኛው አንጓ በላይ የለም፤ ድሮ የኮምፕረሰር ቺንጋ በልቶበት ነው።

"ያጥናህ" አለው።

"እናታችን ስትሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት" አለ ታላቅየው።

"ትናንት ከሥራ መውጫ ሰዓት ጀምሮ የት ነበርክ?"

"አበባ ሻጯ ጋ። አበባ የምታመላልስበት ባለ ማቀዝቀዣ መኪና አላት፤ ኤሲው ተበላሽቶባት ሁለተኛውን አየር መምጠጫ ማሽናችንን ይዤ ግቢዋ ድረስ ሄጄ ስሠራላት ነው ያመሸሁት። ጠይቋት።"

ተጠየቀች። አበባ ሻጯ ሱቋ ውስጥ አበባ እየቆረጠች፣ መካኒኩ ከጓሮ ንቅንቅ አለማለቱን ማለች። "ማሽኑ ሲያጓራ ነው ያመሸው። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል" አለች። ሳጅኗ ከቁልፍ ያዦቹ አንዱን ሰረዘች። የቀረችው ሚስትየው ናት።

ሾፌሯ፣ ማለትም ሚስትየው፣ ጋራዡ ጥግ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ሁሉ በየጠዋቱ እየጮኸች የምታመላልስ ሴት ናት።

"እህቴ፣ የባልሽ ወንድም እዚህ አምሽቶ ምን ይሠራ ነበር?"

"የእኔን መኪና ኤሲ። ጋዙ ቀስ እያለ ይጠፋል። ባሌ ይሞላዋል፣ ደግሞ ይጠፋል። ተሳፋሪዎቼ ሰለቹኝ።"

"ባልሽ የከተማው አንደኛ የኤሲ መካኒክ ነው ይባላል። ለምን እሱ አይሠራውም?"

"ሠርቶታል።"

"ታዲያ?"

ዝም አለች። ዝምታዋ የሐዘን ዝምታ አልነበረም፤ አንድ ነገር የያዘ ዝምታ ነው። ኢንስፔክተሩ ያንን ዓይነት ዝምታ ከቤቱ ያውቀዋል፤ ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል።

"ባልሽ ወንድሙ እዚህ እንደሚያመሽ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

"አንቺ ግን ታውቂ ነበር።"

"እኔ ነኝ ለልጁ የነገርኩት፤ ባሌ አበባ ሻጯ ጋ ስለሚያመሽ ዛሬ ይሻላል ብዬ" አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

ሳጅኗና ኢንስፔክተሩ ተያዩ። ባል በሌለበት ሰዓት፣ በቀጠሮ፣ ለባል ሳይነገር። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም ሲል አሰበ ኢንስፔክተሩ። ሴትየዋ ላይ ቂም ያዘባት፤ ምን እንዳደረገችው ግን ራሱን አልጠየቀም።

"ጠላት ነበረው?" አላት ሳጅኗ።

"ፍሪጁ አለ አይደል። ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ በሩ ላይ መጥቶ እግርህን እሰብረዋለሁ ብሎታል።"

ፍሪጁ የሚሉት ከመንገዱ ማዶ ሌላ የኤሲ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ስሙ የወጣለት በሥራው ይሁን በቁመናው አይታወቅም፤ ለሁለቱም ይመጥናል። ቀድሞ ከወንድማማቾቹ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር፤ ተጣልቶ ወጣ። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ግማሽ ፊቱ እንደ ብርቱካን አብጦ አገኘው።

"ልጁ ላይ ዝቻለሁ፤ አልክድም" አለ ፍሪጁ፤ ጉንጩን ይዞ። "ደንበኞቼን በሙሉ ወሰደብኛ! ትናንት ማታ ግን ጥርስ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ነርሶቹን ጠይቋቸው፣ እየጮህኩ መሰላችሁ የተነቀልኩት፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።" ከዚያ ዓይኑ በኢንስፔክተሩ ሸሚዝ ላይ አረፈ። "አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የራስከው? ኤሲህ አይሠራም እንዴ?"

"ይሠራል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተወዋል።"

የፍሪጁ ፊት በራ። ጥርሱ የተነቀለበትን ረስቶ ፈገግ አለና ወዲያው አቃሰተ። "ቀስ ብሎ የሚያመልጥ ማለት ነው! ትልቁ ቀዳዳ ደግ ነው፣ ራሱ ይናገራል። ሰው የሚያጣላው ትንሹ ነው። አምጣት።"

ኢንስፔክተሩ እምቢ ማለት ነበረበት። ነገር ግን ነጩ መኪና ትዝ አለው። ፍሪጁ ቱቦዎቹን ገጥሞ አየር መምጠጫ ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ እንደ ተናደደ ውሻ ያጓራ ጀመር።

"አሮጌው ጋዝ ወጥቷል፤ አሁን ውስጡ የቀረውን አየር ይመጥጣል። ሲጨርስ አጥፍቼ ይሄን መርፌ አያለሁ። መርፌው ከተነቃነቀ ቀዳዳ አለ። ካልተነቃነቀ ይዟል ማለት ነው፤ በቃ፣ አንደኛ! ና እስከዚያው ሻይ እንጠጣ።"

መንገድ ተሻግረው ሻይ ቤት ገቡ። ማሽኑ እዚያ ማዶ ለብቻው ሲያጓራ ይሰማል። ኢንስፔክተሩ ግን አልሰማውም፤ ሚስቱ ጋ እየደወለ ነበር። አታነሳም። ደግሞ ደወለ። ፍሪጁ ሻዩን በጤነኛው ጉንጩ እያንቆረቆረ ያወራል።

"ቀዳዳው ከጠፋ ጋዙ ውስጥ ቀለም ይጨመራል። ጋዙ በወጣበት ቀለሙም ይወጣል፣ በዚያ በልዩ መብራት ስታየው አረንጓዴ ያበራል። በዓይንህ ግን አይታይህም። ታዲያ ይሄ ቀለም ባለጌ ነው፤ የነካህበትን እጅ በደንብ ካልታጠብክ የነካኸው ሁሉ ያበራል። ያኔ ቀዳዳ አገኘሁ ብለህ የራስህን እጅ ስታባርር ትውላለህ። ታላቅየው ትልቁ ጥፋቱ ይሄ ነው። እጁን በጨርቅ ጠረግ ያደርግና ይቀጥላል። አብረን ስንሠራ በዚህ ነገር ነው የተጣላነው... አንተ እየሰማኸኝ ነው?"

"ሰማሁ" አለ ኢንስፔክተሩ፤ ስልኩን እያየ።

የፍሪጁ ጥርስ እውነት ሆኖ ተገኘ። ነርሶቹ እሱን አልረሱትም።

ከሰዓት በኋላ የፖሊስ ቴክኒክ ክፍል ባለሙያ ያንኑ ዓይነት መብራት ይዞ መጣ። የጋራዡን በር ዘጉ፣ መስኮቱን በሸራ ሸፈኑ። ብርሃኑ ሲበራ ግድግዳው፣ መፍቻው፣ የመብራቱ ሳጥን ሁሉ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆነ። የኤሲ ጋራዥ ነውና ማንም አልደነቀውም። ያስደነቃቸው የሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ያዩት ነው። ከሾፌሯ ጎን ያለው ወንበር የደህንነት ቀበቶ፣ መቆለፊያው ሳይቀር፣ በወፍራሙ ተቀብቶ ያበራል።

"በቀበቶ ውስጥ ጋዝ ያልፋል እንዴ?" አለች ሳጅኗ።

"አያልፍም። ሆን ተብሎ የተቀባ ነው" አለ ባለሙያው።

"ማን እንደሚቀመጥበት ለማወቅ" አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁ ለራሱም ሻከረው። ይህን ዘዴ ያሰበ ሰው ምን ያህል ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ እንዳሰበው ማንም ሳይነግረው ገባው። ይባስ ብሎ፣ ጥሩ ዘዴ ነው ብሎ አሰበ።

አስከሬን ክፍል ሄደው ሟቹን አዩት። እጆቹ ያበራሉ፤ መካኒክ ነው። ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ፣ ማጅራቱ ላይ ግን አንድ ሙሉ የእጅ መዳፍ አርፏል። ባለሙያው ፎቶ አነሳው። ቀጥለው የሾፌሯን እጅ አበሩበት፤ መዳፏ አረንጓዴ ሆነ።

"በቃ" አለ ኢንስፔክተሩ። "ሰው ማጅራት ላይ እንዲህ እጅ የሚያሳርፈው ማነው? ተዋደዱ፣ ተጣሉ፣ መታችው፣ በቁልፏ ቆልፋ ሄደች። ጠዋት እየጮኸች መጣች።"

"መብራቱስ? ለምን ወሰደችው?" አለች ሳጅኗ።

"ይሄን ሁሉ እንዳናይባት።"

"ቀበቶውንስ ማን ቀባው?"

"ባልየው ጠርጥሮ ይሆናላ! ጠርጥሮ ነበር፣ ልክም ነበር። ሰውየው አበባ ሻጯ ጓሮ ሲሠራ ነው ያመሸው።"

ሾፌሯ ስትታሰር አልታገለችም። "መኪናዬን ነክቼ እጄ ቢያበራ ምን ይገርማል?" ብቻ አለች። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት፤ እስክትመለስ ጎረቤት ጋ እንድትቆይ ሳጅኗን ለመነቻት። አለቃው ክሱ ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን ብሏል። ኢንስፔክተሩ ሪፖርቱን ሲጽፍ ብዕሩ ሮጠለት። እንዲህ በደስታ የጻፈው ሪፖርት የለም።

ሲመሽ ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ሚስቱን ጠበቃት። እመጣለሁ አላላትም፤ ከማን ጋር እንደምትወጣ ሊያይ ነው። የባለሙያውን መብራት ሳይመልስ ኪሱ ውስጥ ረስቶታል። ረስቶታል ይባል እንጂ፣ ጎኑን ሲቆረቁረው ነው የዋለው።

ሚስቱ በመጨረሻ በመኪናው የሄደች ቀን የረሳችው ሻርፕ ጎኑ ወንበር ላይ ነበር። ጠዋት ከጋራዡ ሲመለስ ፋይሉን ለማስቀመጥ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎታል። ግራና ቀኝ አየና መብራቱን አወጣ። የሚያሳፍር ሥራ መሆኑን ያውቃል። አበራ።

ሻርፑ ላይ ጣቶች ታዩ። አረንጓዴ፣ የተዘረጉ የሰው ጣቶች፣ በአንገቷ ልክ።

ያ ነጭ መኪና፣ ያ ዝግ መስኮት፣ የማይነሳው ስልክ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ደረቱ ላይ ወጣበት። በዚያች ቅጽበት እንግሊዝ ቁልፍ በእጁ ቢኖር ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ይሄ ቀለም ይኖር ይሆን ብሎ አሰበ። ይኖራል! ለምን አይኖርም?

ባለቤቱ ከላቦራቶሪ ኃላፊው ጋር እየሳቀች ወጣች። የባሏን መኪና ስታይ ገረማት፤ ሰውየውን በእጇ ተሰናብታ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

"ምን ሆነሃል? አመመህ?"

"ሻርፕሽን ማነው የነካው?"

"የቱን ሻርፕ?"

"ይሄን!" ብሎ አበራበት። "ይሄ የማን እጅ ነው?"

ሴትየዋ ሻርፑን አየች፣ ባሏን አየች። አልተቆጣችም። መብራቱን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና ወደ እሱ አዞረችው። መሪው በራ። ማርሹ በራ። የሸሚዙ ኪስ፣ የአገጩ ጎን፣ ስልኩ። በመጨረሻ እጁን ይዛ ገለበጠችው፤ መዳፉ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነው።

"እኔን የነካኝ ሰው ማን እንደሆነ ልንገርህ? አንተ ነህ" አለችው። ደግሞም "ያ ሰውዬ መኪናው ይበርዳል። ሌላ ምንም የለውም" አለች።

ኢንስፔክተሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። እጁን እያየ ነው። ይሄን ቀለም ከየት አመጣው? ሬሳውን በጓንት ነው የነካው። ሚኒባሷን በጓንት ነው የነካት። ጠዋት በባዶ እጁ፣ በሁለት እጁ፣ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ቅባት ቅባት የሚል እጅ።

ፋይሉን ከኋላ ወንበር አንስቶ የማጅራቱን ፎቶ አወጣ። ቀን ሲያየው ያየው እጅ መሆኑን ብቻ ነበር፤ ጣቶቹን አላያቸውም። አሁን አያቸው። ጠቋሚ ጣቱ አጭር ነው።

"ምንድን ነው?" አለች ባለቤቱ።

"ሰው አስሬአለሁ" አለ። "ያላጠፋች ሴት አስሬአለሁ።"

በማግሥቱ ጠዋት ክሱ ጠረጴዛው ላይ የለም ብሎ አለቃው ሲጮህ፣ ኢንስፔክተሩ ከሾፌሯ ፊት ተቀምጦ ነበር። ጥቁሯን የጎማ ቀለበት ጠረጴዛ ላይ አኖረላት።

"ይሄን ነው የደበቅሽኝ፣ አይደል?"

ሴትየዋ ቀለበቷን አይታ እንባዋ መጣ። የባሏ ወንድም ከሞተ ጀምሮ በሰው ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

"ባሌ ነው ያስገባት። የውሃ መስመር ጎማ ናት፤ የኤሲው አልቆበት ለጊዜው ብሎ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ረሳው። ጋዙ የሚያመልጠው በእሷ በኩል ነበር። ታናሽየው ሲያገኛት ደነገጠ። 'ወንድሜ በራሱ እጅ የሠራው መሆኑን ካወቀ ሰው ፊት አይቀርብም፤ ሳያውቅ እንቀይራትና በራሱ ዳነ እንበለው' አለኝ። ስንንሾካሾክ የከረምነው ይሄንኑ ነው።" ከዚያ የኢንስፔክተሩን እጅ ያዘች። "እባክህ፣ ባሌ እንዳይሰማ። ወንድሙ ሞቶበት ይሄ አይጨመርበት።"

ኢንስፔክተሩ ቀለበቷን ፌስታሉ ውስጥ መለሳት።

አበባ ሻጯ ጋ ሲሄዱ ጥያቄው አጭር ነበር። "ማሽኑ ሲያጓራ ሰማሽ። ሰውየውንስ አየሽው?"

"ማሽኑ እኮ..."

"ማሽኑን ሞግዚት አይጠብቀውም። እኔ ራሴ እያጓራ ትቼው ሻይ ጠጥቻለሁ።"

ሴትየዋ የያዘችውን አበባ አስቀመጠች። "ውኃ ወስጄለት ነበር። አልነበረም። ለመጸዳዳት የሄደ መስሎኝ ብርጭቆውን መኪናው ላይ ትቼለት ተመለስኩ። ጠዋት ሳየው ውኃው አልተነካም።"

ማሽኑ አሁንም ጓሮ ነው፤ ታላቅየው ነገ እወስደዋለሁ ብሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር ትቶት ነበር። ሳጅኗ ሳጥኑን ከፈተች። ከመፍቻዎቹ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መብራቱና ቢጫው መነጽር ተቀምጠዋል።

ታላቅየውን ጋራዡ ውስጥ አገኙት። ሚስቱ ተቀምጣበት የነበረው ያ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ሚኒባሷ እንዳለች ናት፤ ፖሊስ ማንም እንዳይነካት ብሎ ስላዘዘ ኮፈኑ አልተዘጋም፣ ጌጁም አልወረደም። ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ከፊቱ ተቀመጠ። እንደ ወንጀለኛ ሊያየው ፈልጎ አልቻለም። ትናንት ማታ መኪና ውስጥ ሻርፕ ይዞ የተቀመጠውን ሰው ነው ያየው።

"ወንድምህን ስታገኘው ምን ትለው ነበር?"

"ምን እለዋለሁ? ማጅራቱን ቸብ አደርገዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ። ጠዋት ማጅራቱን ቸብ ሳላደርገው ሥራ አንጀምርም።"

"የመጨረሻው ቀን ጠዋትስ?"

"አድርጌዋለሁ።"

"ከዚያ በፊት፣ ጠዋት ማንም ሳይመጣ፣ የሚስትህን መኪና ቀበቶ ቀባህ። እጅህን በጨርቅ ጠረግህ። ከዚያ ወንድምህ ገባ።"

ታላቅየው ቀና አለ። ፊቱ ላይ ገና ምንም የለም።

"ይንሾካሾካሉ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ስወጣ ይጀምራሉ። አበባ ሻጯ ጋ እንደማመሽ ስነግራት ፊቷ ሲበራ አየሁ። እኔ በምሠራበት ቤት፣ እኔ ያሳደግኩት ልጅ! ማሽኑን አስነስቼ መጣሁ። ኮፈኑ ሥር አጎንብሷል። መብራቱን ከሳጥኑ አንስቼ አበራሁበት። እጁማ ሁሌም ያበራል፤ እጁን ንቄ ተውኩት። መብራቱን ወደ ላይ ሳደርገው ማጅራቱ ላይ እጅ አለ። የእሷ እጅ፤ ገና በአንገቱ ላይ እንዳለ! 'ወንድም ጋሼ፣ መጣህ?' ብሎ ሳይዞር..."

መጨረስ አልቻለም። ሲወጣ በሩን እንደወትሮው መቆለፉን እንኳ አያስታውስም።

ኢንስፔክተሩ ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አኖረለት። "ጣቶቹን እያቸው።"

ታላቅየው አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን አንስቶ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ከፎቶው ጎን ዘረጋው። አጭሯ ጣት ከአጭሯ ጣት ገጠመች። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ሳጅኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ታዲያ ምን ነበር የሚያንሾካሹካቸው?" አለ በመጨረሻ።

ኢንስፔክተሩ ሾፌሯ የለመነችውን አስታወሰ። ባይናገር በወደደ። ሆኖም የሴትየዋ ስም በዚህ ሰው ዘንድ ጠፍቶ መቅረት የለበትም። ቀለበቷን ከፌስታሉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። መካኒኩ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ዳሰሳት፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

"የውሃ ጎማ ናት" አለ። "እኔ ነኝ ያስገባኋት።"

"አንተ እንዳታፍር ሳታውቅ ሊቀይሩልህ ነበር። ቀይሮልህ ጨርሷል።"

ታላቅየው ተነሣ። ፖሊሶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ኢንስፔክተሩ በእጁ አስቆማቸው። ሰውየው ወደ ሚኒባሷ ሄዶ ኮፈኑ ሥር ቆመ። ወንድሙ አየሩን መጥጦ ጨርሶ፣ መርፌውን እየጠበቀ የሞተበት ቦታ ነው። በዚያች አጭር ጣቱ የጌጁን መስታወት ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው፤ መካኒኮች ሁሉ እንደሚያደርጉት። መርፌው ታናሽየው ከተወው ቦታ አልተነቃነቀም።

"ይዟል" አለ።

ከዚያ ዞሮ ሁለት እጆቹን ለሳጅኗ ዘረጋላት።